ስምንተኛና ስድስተኛ የሚገናኙበት

አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ አባቱን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹንና አንዲት ሴት ልጁን ትቶ ሞተ እንበል። ሟቹ ሙስሊም ነው፤ ቤተሰቡም ውርሱ በሸሪዓ እንዲከፈል ተስማምቷል። በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ ወይም በሂርና፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ሟቹ ልጆች ስላሉት ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ፣ አባትም አንድ ስድስተኛ ይወስዳሉ። የቀረውን ልጆቹ ይካፈሉታል፤ ወንዱ የሴቷን እጥፍ ያገኛል። እስከዚህ ድረስ የሃይማኖት ድንጋጌ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ንጹህ ሒሳብ ነው። ስምንተኛና ስድስተኛ እንዴት ይደመራሉ? ከእነሱ የሚተርፈው ምን ያህል ነው? የተረፈውስ ለሁለት ወንዶችና ለአንዲት ሴት ሳያጨቃጭቅ እንዴት ይከፈላል?

ፈራኢድን፣ ማለትም የውርስን ትምህርት፣ ጠንቅቆ የተማረ ሼኽ ይህን ጉዳይ ብዙ ሳይቸገር ይፈታዋል። እዚያው ሰፈር ያለው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ «ላዕሉንም ታህቱንም በአንድ ቁጥር አባዛ» የሚል ሕግ ደብተሩ ላይ ጽፎ ይሸመድዳል። ሁለቱ የያዙት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ይህን ለልጁ የሚነግረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እናም ክፍልፋይ ከሒሳብ ደብተር ውጭ የትም የማይኖር ፍጡር ይመስለዋል።

ከስህተቱ እንነሳ፤ የልጆች ስህተት ከትክክለኛው መልሳቸው ይልቅ ብዙ ይናገራልና። 1/8 እና 1/6 ደምር የተባለ ልጅ በጣም ከሚቀናው መንገድ ከገባ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ይደምርና 2/14 ብሎ ይጽፋል። 2/14 ሲቃለል 1/7 ነው። እንግዲህ ወደ ውርሱ እንመልሰው። እናት ብቻዋን 1/6 አላት። ሚስት ድርሻዋን ስትጨምርበት ድምሩ 1/7 ሆነ ማለት ነው። 1/7 ደግሞ ከ1/6 ያንሳል። ሲጨመርበት የቀነሰ ድርሻ! ይህን የትኛዋም ባለድርሻ አትቀበለውም። ልጁ ግን ይቀበለዋል፤ ምክንያቱም 2/14 ለእሱ አንድ መጠን ሳይሆን በመስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ልጁን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። መምህሩ በፈተና ወረቀቱ ላይ የሚጽፍለትን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ፈተና 7/10፣ ሁለተኛው 8/10፣ ድምር 15/20። ላዕል ከላዕል ጋር፣ ታህት ከታህት ጋር ተደምሯል፤ ትክክልም ነው። ይህ አደማመር የሠራው ሁለቱ ፈተናዎች ሁለት የተለያዩ ሙሉዎች ስለሆኑና እኛም የፈለግነው ከሁለቱም በአንድነት የተገኘውን ውጤት ስለሆነ ነው። ውርሱ ግን አንድ ሙሉ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ድርሻ የሚቆረጠው ከእሱ ነው። ልጁ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚያየው የመጀመሪያውን ዓይነት አደማመር ነው። ስለዚህ ክፍልፋይ እንዲደምር ሲጠየቅ ዓይኑ የለመደውን ቢሠራ አይገርምም። በእኔ ግምት የመምህራን ማሠልጠኛዎች ለዚህች ትንሽ ነገር አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡላት አይበዛባትም።

ችግሩ የጭሮ ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ አገር አቀፍ ምዘና የ13 ዓመት ልጆች 12/13 ሲደመር 7/8 ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚቀርብ ተጠየቁ። ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ሁለቱም ክፍልፋዮች ለ1 ጥቂት ነው የሚጎድላቸው፤ ስለዚህ መልሱ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ 2 ነው። 2ን የመረጡት ግን 24 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት 19ን ወይም 21ን መረጡ፤ 19 የላዕሎቹ ድምር፣ 21 የታህቶቹ ድምር ነው። ሁለት አንድ የማይሞሉ ነገሮች ተደምረው ሃያ ገደማ እንደማይሆኑ ለመገመት እንኳ አልሞከሩም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን የሙሉ ቁጥር ተጽዕኖ ይሉታል። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ከሙሉ ቁጥሮች ጋር ኖሯል፤ የእነሱንም ጠባይ የቁጥር ሁሉ ጠባይ አድርጎ ወስዷል። ከ3 ቀጥሎ 4 አለ፤ ከ1/3 «ቀጥሎ» ግን ማንም የለም፤ በማንኛቸውም ሁለት ክፍልፋዮች መካከል ሌሎች የማያልቁ ክፍልፋዮች አሉ። 8 ከ6 ይበልጣል፤ 1/8 ግን ከ1/6 ያንሳል። በሙሉ ቁጥር ስናባዛ ቁጥሩ ያድጋል፤ 12ን በ1/4 ስናባዛ ግን 3 ብቻ ይቀረናል። 5 ሲጻፍ 5 ነው፤ ግማሽ ግን 1/2፣ 2/4፣ 3/6፣ 50/100 ተብሎ ማብቂያ በሌለው መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ልጁ በሦስትና በአራት ዓመት ትምህርቱ ያመነውን ሁሉ በአንድ ወሰነ ትምህርት እንዲጠራጠር እየጠየቅነው ነው። የሚገርመው ብዙዎች መቸገራቸው ሳይሆን አንዳንዶች በቶሎ መረዳታቸው ነው።

የመጠን ስሜቱ ግን በልጁ ውስጥ ከመጀመሪያው አለ። ኮሊን መክሪንክና ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የስድስት ወር ሕፃናት በሁለት ዓይነት ነገሮች መካከል ያለውን የብዛት ንጽጽር እንደሚለዩ አሳይተዋል፤ አንዱ የሌላው እጥፍ የሆነበትን ሥዕል አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ከሆነበት መለየት ችለዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ሲሞን ያኮብና አንድሪያስ ኒደር የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በጎልማሶች ላይ ባደረጉት የአንጎል ምስል ጥናት፣ መጠንን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ክፍልፋይ በአኃዝ ቢጻፍም በቃል ቢጻፍም ለመጠኑ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳዩ። ስለዚህ ሥራው ባዶ ቤት መሙላት አይደለም። ቀድሞ ያለውን ስሜት በወረቀት ላይ ካለው ምልክት ጋር ማገናኘት ነው።

ማገናኘቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተዋል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ልጆችን ለዓመታት ከተከታተሉ መረጃዎች እንደታየው፣ በ10 ዓመቱ ገደማ ክፍልፋይና ማካፈል የገባው ልጅ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ በአልጀብራም ሆነ በጠቅላላ ሒሳብ የተሻለ ውጤት ነበረው። የቤተሰብ ገቢ፣ የወላጆች ትምህርትና የልጁ የአእምሮ ፈተና ውጤት ከግምት ገብተው እንኳ ግንኙነቱ አልጠፋም። መደመርንና መቀነስን በጥሩ ሁኔታ ማወቅ ያን ያህል አልተነበየም።

የመጠኑን ነገር በምዕራብ ሐረርጌ ሰው ዓይን ለማየት መንገዱ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ወደ 515 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባን 0፣ ድሬዳዋን 1 እንበላቸው። ግማሹ ወደ 258 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አዋሽን አልፎ ሚኤሶ ሳይደረስ ይውላል። ጭሮ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግማሹን አልፋለች፤ ሁለት ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ግን ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይጎድላታል። መንገዱን ስምንት እኩል ቦታ ብንከፍለው አንዱ ክፍል ወደ 64 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አምስተኛው ምልክት ጭሮ መግቢያ አካባቢ ያርፋል። እንግዲህ ጭሮ 5/8 ገደማ ላይ ናት። አሁን እያንዳንዱን ክፍል ደግመን ለሁለት እንክፈለው። ምልክቶቹ 16 ይሆናሉ፤ በፊት አምስተኛ የነበረው አሁን አሥረኛ ይባላል። እንደገና ለሁለት ብንከፍል 32 ይሆኑና ያው ምልክት ሃያኛ ይሆናል። ጭሮ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። 5/8፣ 10/16 እና 20/32 የአንድ ቦታ መጠሪያዎች ናቸው፤ ጭሮ ቢሏት አሰበ ተፈሪ ቢሏት ከተማዋ አንድ እንደሆነችው።

አቻ ክፍልፋይ የሚባለው ይኸው ነው። አሁን «ላዕሉንም ታህቱንም በአንድ ቁጥር አባዛ» የሚለውን ሕግ ከዚህ አንጻር እንየው። ታህቱ የቁራሹን መጠን ይናገራል፤ ላዕሉ ደግሞ ስንት ቁራሽ እንዳለን ይቆጥራል። ቁራሾቹን ሁሉ ለሦስት ለሦስት ስንቆርጣቸው ብዛታቸው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ቁራሽ መጠን ግን የበፊቱ ሲሶ ብቻ ነው። አንዱ በጨመረው ልክ ሌላው ቀንሷል። ስለዚህ 1/8 ወደ 3/24 ሲለወጥ የተገኘ ትርፍ የለም፤ ያው ድርሻ በትንንሹ ተቆጠረ እንጂ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «ማባዛት» ብሎ የጻፈው ነገር በሜዳ ላይ ሲታይ መቁረጥ ነው። ብዙ ልጆች ግራ የሚጋቡት እዚች ጋ ይመስለኛል፤ አባዛ ተብለው ካባዙ በኋላ ያልጨመረ መልስ ሲያዩ ሕጉን እንጂ ምክንያቱን አያምኑም። ክፍልፋይን ማቃለል የዚሁ ግልባጭ ነው፤ የተቆራረጡትን መልሶ በትልልቁ መቁጠር።

ይህን ይዘን ወደ ውርሱ እንግባ። ስምንተኛና ስድስተኛ አብረው ሊቆጠሩ የማይችሉት ቁራሾቻቸው እኩል ስላልሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያለ ቀሪ የሚቆረጡበት የጋራ ቁራሽ ይፈለጋል። የ8 ብዜቶች 8፣ 16፣ 24 ናቸው፤ የ6 ብዜቶች ደግሞ 6፣ 12፣ 18፣ 24። 24 ላይ ተገናኙ። የመማሪያ መጽሐፉ ይህን ትንሹ የጋራ ብዜት ይለዋል፤ የፈራኢድ አዋቂዎች ደግሞ የጉዳዩ «አስል»፣ መሠረት፣ ይሉታል። በ24ኛ ሲቆጠር ሚስት 3፣ እናት 4፣ አባት 4 አላቸው፤ ድምሩ 11። ከ24 ላይ 13 ተረፈ። ይህ የልጆቹ ነው።

ግን ሌላ ችግር አለ። ወንዱ የሴቷን እጥፍ ስለሚያገኝ ሁለቱ ወንዶች ሁለት ሁለት፣ ሴቷ አንድ ዕጣ አላቸው፤ በአንድ ላይ አምስት ዕጣ ማለት ነው። 13 ለ5 አይካፈልም። የመንደር ሽማግሌ እዚህ ላይ «ትንሽ ለዚህ፣ ትንሽ ለዚያ» ብሎ ሊያስታርቅ ይሞክር ይሆናል። ሒሳቡ ግን መታረቅ አያስፈልገውም። ሁሉንም ቁራሽ ለአምስት ለአምስት ቆርጦ 24ን 120 ያደርገዋል። ይህን እርምጃ ባለሙያዎቹ «ተስሒሕ» ይሉታል፤ ማስተካከል እንደማለት ነው። አሁን ሚስት 15፣ እናት 20፣ አባት 20፣ ልጆቹ በአንድነት 65 አላቸው። 65 ለአምስት ሲካፈል 13 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ 26፣ ሴቷ 13 ታገኛለች። ድምሩን ይሞክሩት፤ 120 ይመጣል። የተረፈ የለም፤ የጎደለም የለም። ዕዳው ከተከፈለና ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜ ካለም ከወጣ በኋላ ሟቹ 240,000 ብር ትቶ እንደሆነ ሚስት 30,000፣ እናትና አባት 40,000 እያንዳንዳቸው፣ ወንዶቹ 52,000 እያንዳንዳቸው፣ ሴቷ 26,000 ብር ይደርሳቸዋል።

በቁርኣን ሱረቱ አን-ኒሳእ ላይ የተወሰኑት ድርሻዎች ስድስት ናቸው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ። ልብ ብሎ ለተመለከተ ሁለት ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ግማሽን በመግመስ የሚወለድ ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛን በመግመስ። ስድስቱም 24 ውስጥ ያለ ቀሪ ይገባሉ፤ 12፣ 6፣ 3፣ 16፣ 8 እና 4 ሆነው። የውርስ ጉዳዮች ሁሉ ከ2፣ ከ3፣ ከ4፣ ከ6፣ ከ8፣ ከ12 እና ከ24 ውጭ ሌላ መሠረት የማያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ለተማሪዎቻቸው በቃል ያስጠኗቸዋል። እኔ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጅ ብሆን ከዚህ የተሻለ የአቻ ክፍልፋይ መልመጃ ፍለጋ አልወጣም ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ድርሻዎቹ ከሙሉው ይበልጣሉ። አንዲት ሴት ባሏንና ሁለት የእናትና የአባት ልጅ እህቶቿን ብቻ ትታ ብትሞት ለባል ግማሽ፣ ለእህቶቹ ሁለት ሦስተኛ ተወስኗል። በስድስተኛ ሲቆጠር 3/6 እና 4/6 ነው፤ ድምሩ 7/6። ከአንድ ሙሉ ንብረት ሰባት ስድስተኛ ማውጣት አይቻልም። መፍትሔው «ዐውል» ይባላል፤ በኸሊፋ ዑመር ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። ላዕሎቹ እንዳሉ ይቀመጡና ታህቱ ከ6 ወደ 7 ከፍ ይላል። ባል 3/7፣ እህቶቹ 4/7 ያገኛሉ። የሁሉም ድርሻ ቀነሰ፤ የ3 ለ4 ንጽጽራቸው ግን አልተዛባም። ይህ አቻ ክፍልፋይ አለመሆኑን ልብ ይሏል። እዚህ ታህቱ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ስለዚህ መጠኑም ተለወጠ። ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ የአንደኛውን ምክንያት ከሁለተኛው ይማራል። (የወራሾች ዓይነት ብዙ ስለሆነ እውነተኛ ጉዳይ ያለው ሰው ከመጽሔት ሳይሆን ከቃዲ ይጠይቅ።)

ይህ የውርስ ሒሳብ ለዓለም ሒሳብም ውለታ አለው። እ.ኤ.አ. 820 ገደማ በባግዳድ የአልጀብራን ስያሜ ያስገኘውን መጽሐፍ የጻፈው አል-ኸዋሪዝሚ ከመጽሐፉ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለውርስና ለኑዛዜ ጥያቄዎች ነበር። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ላይ «x»ን ፍለጋ የሚያላብን ትምህርት በከፊል ያደገው ለወራሾች ድርሻ ሲታሰብ ነው።

በክርስቲያኑም ቤት ክፍልፋይ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን 60 ኬክሮስ አድርገው ይከፍሉታል። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለትና 15 ኬክሮስ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ያሉትን ጥቃቅኖች እንተዋቸው። 15/60 ሲቃለል 1/4 ነው። ሩብ ቀን በአራት ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ቀን የምትሆነው በዚህች ክፍልፋይ ምክንያት ነው፤ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን የዚህ ምስክር ናት። ልጁ 15/60ን ወደ 1/4 ሲያቃልል ዘመን መለወጫን እያሰላ እንደሆነ ቢነገረው ምናለበት?

የመሬቱ ታሪክም በክፍልፋይ የተጻፈ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ እስኪታወጅ ድረስ ጭሰኛው እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ እየተባለ ለባለመሬቱ ይገብር ነበር። ብዙ ቦታ አሥራቱ ከምርቱ ላይ ቀድሞ ይነሳ ነበርና የእኩል አራሽ ሒሳብ ስሙ እንደሚለው አልነበረም። 20 ኩንታል ማሽላ ካመረተ 2 ኩንታል ለአሥራት ወጣ፤ ከቀረው 18 ኩንታል 9ኙን ባለመሬቱ ወሰደ፤ ለአራሹ 9 ኩንታል ቀረው። 9/20 ማለት ነው። ግማሽ 10/20 ነውና «እኩል» የተባለው ውል በእያንዳንዱ ሃያ ኩንታል አንድ ኩንታል ይጎድለዋል። ሲሶ ገባሪው ደግሞ ከ9/10 ላይ ሁለት ሦስተኛው ይቀረዋል፤ 18/30፣ ሲቃለል 3/5። ታህቶቹን ሳያስተካክል ሁለቱን ውሎች ማወዳደር ማንም አይችልም፤ 9/20ን ከ3/5 ጋር ለማወዳደር 3/5ን 12/20 ማድረግ ነው። ልዩነቱ 3/20፣ ማለትም ከሃያው ሦስት ኩንታል።

በጨርጨር ደጋ የሚበቅለው ቡና የሚነገድበት ፈረሱላም አለ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ስንት ፈረሱላ ይወጣዋል? 100/17፤ አምስት ሙሉና 15/17። ከስድስት የሚጎድለው 2/17 ብቻ፣ ማለትም 2 ኪሎ ነው። ለነጋዴው ይህ የዕለት ሥራ ነው፤ መጽሐፉ ላዕሉ ከታህቱ የሚበልጥ ክፍልፋይ ብሎ በልዩ ምዕራፍ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

ሳንቲሙ ሲጠፋ አንድ የማስተማሪያ መሣሪያ አብሮ መጥፋቱን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ይመስለኛል። በምኒልክ ዘመን አንድ ብር ሁለት አላድ፣ አራት ሩብ፣ ስምንት ተሙን ነበር። ኋላም ብር በ100 ሳንቲም ሲመነዘር ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲም የልጅ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ሱቅ የተላከ ልጅ ሁለት ስሙኒ አንድ ሽልንግ እንደሆነ፣ ማለትም 2/4 እና 1/2 አንድ መሆናቸውን፣ ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር። የዛሬ ልጅ የሚያውቀው ትንሹ ገንዘብ ብሩ ራሱ ነው፤ ከብር በታች ያለው ዓለም በደብተሩ ላይ ብቻ ቀረ።

የጭሮ ልጅ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። አብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ቤቱ አማርኛ የሚናገርም አለ፤ ከፍ ሲል በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ግማሽን «ወለካ»፣ ሩብን «ኩርማና» ብሎ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ከሩብ ወዲያ ያለውን የሚማረው ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ መምህሩ ቤት ከሚታወቁት ከሁለቱ ቢነሳና ግማሹን ሲሰነጥቅ ሩብ፣ ሩቡን ሲሰነጥቅ ስምንተኛ እንደሚመጣ በእጅ ቢያሳይ ልጁ ከሚያውቀው ወደማያውቀው በአንድ እርምጃ ይሻገራል።

በእጅ ማሳየት ስል ክብ ሥዕልን ማለቴ አይደለም። መጽሐፎቻችን ክብን ይወዳሉ፤ እኔ ግን ጥቅሙ ከሁለትና ከአራት አያልፍም ባይ ነኝ። ክብን አምስት እኩል ቦታ መክፈል ለትልቅ ሰውም ያስቸግራል፤ 7/5ን በአንድ ክብ ላይ ማሳየትም አይቻልም፤ ልጁም ክፍልፋይ ማለት ከአንድ የማያልፍ ቀለም የተቀባ ነገር ነው ብሎ ይቀራል። እኩል ርዝመት ያላቸው የወረቀት ጥብጣቦች ይሻላሉ። ከአሮጌ ደብተር ቆርጦ አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለአራት፣ ሌላውን ለስምንት ማጠፍ ነው። ሦስተኛ ላይ ጣት ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ይለመዳል። ከዚያ ጥብጣቦቹን አንዱን ከሌላው ሥር ሲደረድሯቸው የ1/2 እጥፋት ከ2/4፣ ከ3/6 እና ከ4/8 እጥፋት ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላል። ልጁ ሕጉን ራሱ ሊያገኘው ይችላል፤ ካገኘው ደግሞ አይረሳውም። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ተማሪው በበዛበት ክፍልም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ግን ግምት። ማንኛውም ልጅ ክፍልፋይ ከመደመሩ በፊት መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ አንድ ይሞላል ወይስ አይሞላም ብሎ እንዲናገር ቢጠየቅ 2/14 ዓይነት መልስ ገና ከእርሳሱ ጫፍ ሳይወርድ ይያዛል። የክልሉ መጽሐፍ አዘጋጆች፣ በመጪው እትም የድሬዳዋን መንገድ፣ የፈረሱላን ሒሳብና የ24ን ውርስ ለመልመጃ አስገቡልን፤ ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠው ኬክና ፒዛ ለጭሮ ልጅ ምንም አይነግረውም።

የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ይህን ጠይቁት፤ ከ3/8 እና ከ2/5 የትኛው ይበልጣል? መልሱን ብቻ አትቀበሉት፤ እንዴት እንዳወቀው ይንገራችሁ። ሁለቱን በ40ኛ ቢቆርጣቸው 15/40 እና 16/40 ይሆናሉ፤ የሚበልጠው 2/5 ነው።